ወፏ፣ ኦክቶፐሱና መምህር እንድሪስ

መምህር እንድሪስ ይመር ባለፈው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ቤታቸው ዐርፈዋል። ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ መርዶው ሲደርሰኝ ቀኑ ተጋምሶ ነበር፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እስክደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ቀባሪው ተበትኖ አገኘሁ። የገደላቸው የሳንባ በሽታ ነው ይላል የሐኪሙ ወረቀት። በሽታው የገባባቸው ግን በደርግ ዘመን፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተኝተው በከረሙበት እስር ቤት ነው። የሐኪም ወረቀት ይህን አይጽፍም፤ ስለዚህ እኔ ጻፍኩት።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። እሳቸው ደሴ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ነበሩ፤ እኔ እዚያው አማርኛ አስተምር ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ለሳይንስ ቃል አማርኛ ባጡ ቁጥር ወደ እኔ ስለሚመጡ «የቃል አዋላጅ» ብለው አውጥተውልኝ ነበር። ተማሪዎቻቸው ስማቸውን ቢዘነጉ እንኳ «የወፏና የኦክቶፐሱ መምህር» ከተባለ የማያስታውሳቸው የለም።

ኦክቶፐስ ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። በዚያን ጊዜ ደሴ ውስጥ ከሾፌሮች በቀር ባሕር ያየ ሰው ብዙ አልነበረም። ልጁን ያስተምሩለት የነበረ አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር፣ ዓሣ አጥማጆች የሰጡትን ኦክቶፐስ ጨው ነስንሶበት በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አመጣላቸው። እንዳይበሰብስ አልኮል ያስፈልግ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን አልኮል አልነበረውም። በዕድሜያቸው መጠጥ ቀምሰው የማያውቁት መምህር እንድሪስ ጠርሙስ ይዘው አረቄ ቤት ገቡ። ሻጯ ደንግጣ እርስዎም ጀመሩ ወይ ብትላቸው፣ ለእኔ አይደለም፣ ከአሰብ የመጣ እንግዳ አለብኝ አሏት። ከተማው ይህን ሲያወራ ሰነበተ። ኦክቶፐሱም በትልቅ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አረቄው መሐል ተቀመጠ።

ወፏ የአገር ልጅ ነበረች። በረዶ ከጣለ በኋላ ጦሳ ላይ ወድቃ ያገኟት፣ ሆዷ ቢጫ፣ ራሷ ጥቁር፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ዘፋኝ ወፍ ናት። ቆዳዋን ራሳቸው ገፈው በጥጥ ሞሏት። ዜማዋን በፉጨት ያስመስሉት ነበር፤ የሚያፏጩት ግን ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ፣ ፉጨት ቤት ውስጥ ሸይጧን ይጠራል ብለው ገና በተጋቡ ሰሞን ከልክለዋቸዋል።

የየዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ያው ነበር። ሁለቱን እንስሳት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው «ከነዚህ አንዱ ዘመድነቱ ለእናንተ ይቀርባል፤ የቱ ነው?» ይላሉ። ከዚያ ያስረዳሉ። ሁለቱም እንስሳት ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ መንገዳቸው አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይለያያል። ወፏ አከርካሪ ስላላት ከእኛ፣ ከላሙ፣ ከእንቁራሪቱና ከዓሣው ጋር ትሄዳለች። ኦክቶፐሱ አከርካሪ የለውም፤ ዘመዱ ክረምት ክረምት በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የሚሳበው ቀንድ አውጣ ነው። ልጆቹ ይህን አይቀበሉም ነበር። ብልህ ነው ያሉን፣ ከተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሾልኮ የሚወጣ እንስሳ እንዴት ከቀንድ አውጣ ጋር ይዛመዳል ብለው ያጉረመርማሉ። «ዝምድና በብልሃት አይለካም» ይሏቸዋል። «እኔ ብልህ አጎት አለኝ፤ አጎቴ የሆነው ግን ብልህ ስለሆነ አይደለም።»

አእዋፍ ሁሉ በአንድነት የሚቀመጡበት፣ ኦክቶፐሱም ከመሰሎቹ ጋር የሚቀመጥበት እርከን በአማርኛ ምን ይባል ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ክፍል» ይበሉት ብያቸው ነበር። አልወደዱትም። ክፍል ካልነው ልጆቹ ሰባተኛ ክፍልና ስምንተኛ ክፍል ይመስላቸዋል አሉና «መደብ» የሚለውን መረጡ። ደሴ ዙሪያ ባለው የእናታቸው ቤት መደብ ማለት ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የተሠራው መቀመጫና መኝታ ነው። የእንግዳ መደብ አለ፤ የልጆች መደብ አለ፤ የገባ ሰው ሁሉ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። የአእዋፍ መደብም እንዲሁ ነው አሉኝ። እኔም ለኦክቶፐሱ መደብ «ራሰ እግር» የሚል ስም አዋለድኩላቸው፤ ክንዶቹ የሚበቅሉት ከራሱ ላይ ነውና። ይህ ሁሉ ከአብዮቱ በፊት ነው።

አብዮቱ ሲመጣ «መደብ» ከጭቃ ቤቱ ወጥቶ በየሰልፉ፣ በየሬዲዮው፣ በየአጥሩ ላይ ይጮህ ጀመር። የመደብ ትግል፣ የመደብ ጠላት፣ የመደብ ጀርባ። ሰው በመደቡ ይታሰራል፤ በመደቡ ይገደላል። የእሳቸው ተማሪዎች ደግሞ ደብተራቸው ላይ «የወፎች መደብ» እያሉ ይጽፋሉ። እኔ ፈራሁ። ጋሼ፣ ቃሉን እንለውጠው፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው አልኳቸው።

«እኛ እኮ ነን መደቡ ላይ ቀድመን የተቀመጥነው» አሉኝ። «ኋላ የመጣ ሰው ቦታ ይጠይቃል እንጂ የተቀመጠውን አያስነሳም።»

ግትር ነበሩ። ሞተው እንኳ ይህን ግትርነታቸውን ሳስበው ያናድደኛል።

በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት እኔና እሳቸው ኮምቦልቻ እየወረድን የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን እናስተምር ነበር፤ እኔ ማንበብና መጻፍ፣ እሳቸው ሳይንስ። አንድ ቅዳሜ ወፏንና ብልቃጡን ይዘው ተነሡ። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ አውቶቡሱ በተጠመዘዘ ቁጥር ብልቃጡን በፎጣ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ይታቀፉታል። አጠገባቸው የነበሩ አንዲት ሴት ፎጣው ሸርተት ሲል ውስጡን አዩና አዑዙ ቢላህ ብለው ወንበር ቀየሩ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ሳቅን። ከዚያ በኋላ አብረን እንደዚያ ስቀን የምናውቅ አይመስለኝም።

የዚያን ቀን ትምህርት ከዝምድናው አልፎ እንስሳቱ ዛሬ ያሉበትን ሁኔታ የሚመለከት ነበር። ሰሌዳው ላይ አንዱን ከሌላው በታች አድርገው «አለ»፣ «ያሰጋል»፣ «አልቋል» ብለው ጻፉ። ወፏ ለጊዜው «አለ» ከሚለው ጋር ናት፤ ነገር ግን ከእኛ አገር ደጋ በቀር ሌላ ቤት የላትም፤ ቆላ አትወርድም፤ ጥዱና ኮሶው ተቆርጦ ካለቀ የምትሰደድበት ስለሌላት አንድ ደረጃ ትወርዳለች፣ ቀጥላም ትወርዳለች አሉ። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ትሉ የለም፣ አገሯ ሲያልቅ ምን ብላ ትጮኻለች ብለው ጠየቋቸው። ስለ ኦክቶፐሱ ሲጠየቁ ግን ከሦስቱ ቃላት ርቀው ሰሌዳው ጥግ ላይ «አይታወቅም» ብለው ጻፉ። ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ገብቶ የቆጠረ የለም። ከዚያም ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«አይታወቅም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም» አሉ። «አልቋል ማለትም አይደለም። ፈልጉ ማለት ነው።»

የፋብሪካው ካድሬ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ገና ልጅ እግር ነው፤ የጠየቀውም በቅንነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሳቸው መደብ፣ መደብ ሲሉ ሰምቷል።

«ጓድ መምህር፣ ወፏ ከየትኛው መደብ ናት? ከጨቋኙ ወይስ ከተጨቋኙ?»

መምህር እንድሪስ እንደ ማንኛውም ተማሪ አከበሩት። «ከአእዋፍ መደብ ናት፣ ወንድሜ» አሉት።

አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው ተቆጥቶ፣ እንግዲያው ይህ በብልቃጥ ያለውስ ምን ዓይነት ነው አለ። እሳቸውም እንደ ወትሮው አንድ በአንድ አስረዱ። አከርካሪ የለውም፤ ክንዱ ብዙ ነው፤ የደረሰበትን ሁሉ ወደ አፉ ይስባል፤ ባረፈበት ድንጋይ መልክ ቀለሙን ይለዋውጣል፤ የደነገጠ ጊዜ ጥቁር ነገር ረጭቶ ይሰወራል። ከፊት ወንበር የነበረች አንዲት የፈትል ሠራተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይኼማ እኛም ቀበሌ አለ» አለች። ሰው በአፉ እየሳቀ በዓይኑ በሩን ያይ ጀመር። ካድሬው ሳይስቅ ወጣ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ብልቃጡን በፎጣ መልሰው አቀፉት። ከዚያ «ወላሂ፣ እኔ ስለ ኦክቶፐስ ነው ያወራሁት» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማወቄ ምንም አልጠቀማቸው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ከክፍል ወሰዷቸው። በመደብ ትግሉ አላግጠዋል ተባለ። ብልቃጡንም ማስረጃ ነው ብለው ይዘውት ሄዱ፤ ወፏ ግን መስኮቱ ደፍ ላይ ስለነበረች ሳያዩዋት ቀሩ። አረቄውን ጠባቂዎቹ ጠጥተውት ኦክቶፐሱን ቦርከና ወንዝ ጣሉት የሚሉ አሉ። እኔ አላየሁም።

ወይዘሮ ዘሀራ በየቀኑ ምሳ እየቋጠሩ ደሴ ወደሚገኘው እስር ቤት በር ይሄዱ ነበር። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ቀን ጠባቂው የቋጠሩትን መልሶ ሰጣቸው። የት ወሰዳችሁት ቢሉት «አይታወቅም» አላቸው። በዚያ ዘመን ምግብ ተመለሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደሴ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እርም ማውጣት ራሱ ያሳስር ስለነበር ጎረቤቱ በሩን ዘግቶ አለቀሰላቸው። የቤተሰቡ ሽማግሌዎችም በፀጥታ መጡና፣ የሙት ሶላቱ ይሰገድለት፣ አንቺም ዒዳሽን ተቀመጪ አሏቸው፤ ባል የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ የምትቆይበትን ጊዜ ማለታቸው ነው።

ልጠይቃቸው ስሄድ ወይዘሮ ዘሀራ የተመለሰውን ምሳ አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ገና አልፈቱትም።

«አንቺ ከሱ ጋር ነበርሽ፤ ቃል ታውቂያለሽ» አሉኝ። «አይታወቅም ማለት ምን ማለት ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን አብሽሪ ብሎ ያጽናናቸው ነበር። እኔ ማጽናናት አልችልበትም። ባለቤታቸው ሰሌዳው ላይ የጻፉትን፣ ጠመኔውን አስቀምጠው የተናገሩትን እንዳለ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ዘሀራ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ምሳውን አንሥተው ጓዳ አስገቡት።

«እንግዲያ ዒዳ አልቀመጥም» አሉ።

አልተቀመጡም። ሰው አለበት በተባለ እስር ቤት ሁሉ እየሄዱ በሩ ላይ የባለቤታቸውን ስም ከነአባታቸው ይጠሩ ጀመር። ከደሴ ወጣ ብሎ ወዳለው ገራዶ ሄዱ፤ ከዚያም ርቀው ሄዱ። የትም ቢሄዱ መልሱ ያው አይታወቅም ነው። ዘመድ ተቆጣቸው፤ የሞተ ባሏን መሬት ላይ አስተኝታ ትዞራለች ብሎ ያማቸውም ነበር። ያን ወራት ሳስታውስ እኔ ራሴ የነገርኳቸውን ነገር አምኜው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ቦርከና ዳር፣ እስረኛ የታጎረበት የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ወይዘሮ ዘሀራ እዚያም ሄደው እዚያም አይታወቅም ተባሉ። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር ከመነሣታቸው በፊት ግድግዳው ጥላ ሥር ትንሽ ዐረፍ አሉ። በዚያ ቅጽበት የወፏን ዜማ ሰሙ። ያቺ ወፍ ደሴ ላይ ከቤታቸው ጀርባ በየማለዳው የምትጮህ ናት፤ ዜማዋን በደንብ ያውቁታል። ቀና ብለው ዛፍ ፈለጉ፤ ዛፍ የለም። ደግሞ ተሰማ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላቸው፦ ይህች ወፍ የደጋ ናት፣ ቆላ አትወርድም፣ ኮምቦልቻ ልትጮህ አትችልም። ባለቤታቸው በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ሲነግሯቸው የኖሩት ነገር ነው። ድምፁ የመጣው ከቆርቆሮው ውስጥ ነበር።

ሐረጎን ወጥተው በቀጥታ እኔ ቤት መጡ። ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብላቸው አልገቡም።

«አለ» አሉኝ። 

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ዘሀራ ደሴና ኮምቦልቻ ሲመላለሱ ኖሩ። አንዳንዱ ጠባቂ ምሳውን ይቀበላል፤ አንዳንዱ ይደፋዋል። መምህር እንድሪስ ያለ ፍርድ እንደ ገቡ ያለ ፍርድ ሲወጡ ጎልማሳው ሰውዬ ሽማግሌ ሆነዋል። ያስሉ ነበር። የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። ከእስር የወጡ ለት ወይዘሮ ዘሀራ አጥበው፣ አልብሰው፣ አብልተው ሲያበቁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥም ቢሆን እንደ ልብህ አፏጭ አሏቸው። ሞከሩ። አየር ብቻ ወጣ። እዚያ ነበርኩ።

ወደ ማስተማር እንዲመለሱ አልተፈቀደላቸውም፤ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንዲጠብቁ ተመደቡ። ከዚያ ድርቁ መጣ። የወሎ ሰው ከየገጠሩ እየወረደ በመንገድ ዳር ሲወድቅ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ በተተከለው መጠለያ እሳቸው ባላቸው ጊዜ ሁሉ ይገኙ ነበር። የሚሰጡት እህል አልነበራቸውም። በደካሞቹ መካከል እየተንበረከኩ ስምህ ማነው፣ አባትህስ፣ አገርህ የት ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ማንም ሳይታወቅ እንዳይቀበር ነው። ሌሊት የሞቱት ለቀብር ሲነሡ ይህ እገሌ ነው፣ የእገሌ አገር ሰው ነው ብለው ለቀባሪዎቹ ይነግሯቸዋል። የሙስሊሞቹን ስም በዱዓቸው ያነሡታል፤ የክርስቲያኖቹን ግን ያንቺዎቹ እነዚህ ናቸው ብለው እኔ ዘንድ ያመጡትና ለቄስ እነግርላቸዋለሁ። አንድ ኃላፊ፣ ሰውዬ፣ ሰዉ ይኸው ይረግፋል፣ ስም ምን ያደርግልሃል ቢላቸው የመለሱለትን ሰምቻለሁ።

«እኔ አይታወቅም ተብዬ ኖሬበታለሁ» አሉት። «ብርድ ያለበት ቦታ ነው።»

በዚያ ዓመት ጦሳም ተራቆተ። ሰዉ ዛፉን ቆርጦ ተሸክሞ ለማገዶ ይሸጣል፤ በዳቦ ይለውጣል፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። እሳቸውም አልፈረዱም። ማለዳ ማለዳ ግን ደጅ ወጥተው ወደ ተራራው ጆሯቸውን አዘንብለው ሲቆሙ አያቸው ነበር። የወፏ ድምፅ ይሰማል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ያሰጋል» አሉኝና ገቡ።

ባለፈው ሰኞ ቀብሩ ካመለጠኝ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ወይዘሮ ዘሀራ አርጅተዋል፤ ፍራሽ ላይ ሴቶች ከበዋቸው ተቀምጠዋል። ያኔ ከክፍሉ አንሥቼ ያመጣሁላቸው ወፍ ጥጧ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ናት፤ ቢጫዋ ወደ ነጭ ሄዷል። እጄን ያዙኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አሁን ዒዳ እቀመጣለሁ» አሉኝ። «አሁን የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ጋሽ እንድሪስ፣ ለብዙ ነገር ቃል አዋልጄልዎት ነበር፤ ዛሬ ለዚህ የሚሆን ቃል አጥቻለሁ። ለአንድ ቃል ሲሉ ያ ሁሉ ደረሰብዎት፤ ቃሉን ግን አልለቀቁላቸውም። ጯሂዎቹ ዛሬ የሉም፤ በእናትዎ አገር መደብ እስከ ዛሬ መደብ ነው። እርስዎም ከአፈር በተሠራው የሁላችን መደብ ላይ ቀድመው ተኝተዋል፤ እኛ ኋላ እንመጣለን፤ ቦታም እንጠይቅዎታለን። ከእርስዎ ጋር በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ታጉረው ከነበሩት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የት እንደወደቁ አልተነገረም፤ ሚስቶቻቸው ዒዳ ሳይቀመጡ፣ እናቶቻቸው እርም ሳያወጡ አርጅተው ሞቱ። የእርስዎ መቃብር ይታወቃል፤ ጦሳ ሥር ነው፤ ፊትዎ ወደ ቂብላ ነው። እዚያ በሰላም ይተኙ፣ ጋሼ። የነሱን እንፈልጋለን።